ያልተጋበዙ የትል ሣጥን እንግዶች
በቨርሚ ኮምፖስት ዝግጅት ላይ የሚከሰቱ ተባዮችና ያለ መድኃኒት የመከላከያ ዘዴዎቻቸው

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረበት የሐምሌ ማለዳ ነበር፤ ዘመኑ 2015 ዓ.ም። በዓመት እረፍቴ ዳንግላ ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኘው የቤተሰቤ ቤት ሄጄ ሳለሁ እናቴ ገና ሳይነጋ ከጓሮ ተጣራች። ስደርስ ከጌሾው ሥር የተነሳ የገብረ ጉንዳን ሰልፍ እንደ ጥቁር ገመድ ተዘርግቶ በትሉ ሣጥን እግር ወደ ላይ ይወጣል። በሌላኛው እግር ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይወርዳል። የሚወርደው ባዶውን አልነበረም፤ ቀይ የትል ቁራጭ ተሸክሟል።

ሣጥኑ የተሠራው በግንቦት ወር ነው። እናቴ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያገኘችው አንድ ጆግ የማይሞላ ቀይ ትል ነበር። ትሉ ሲራባ ለሁለት ጎረቤቶቿ ልታካፍል ቃል ገብታለች። ጎረቤቶቿም በጥቅምት የመስኖ ሽንኩርት ከመትከላቸው በፊት የየራሳቸውን ሣጥን ለመጀመር አስበው እንጨትና ጆንያ አዘጋጅተዋል። የማዳበሪያ ዋጋ በከበደበት በዚያ ዓመት ያ ጆግ ትል ለሦስት ጓሮ ተስፋ ነበር።

እኔም ልረዳ ብዬ ያደረግሁት ነገር ጉዳቱን አባባሰው። ከቤት ውስጥ በተለምዶ ፍሊት የምንለውን የነፍሳት ማጥፊያ አምጥቼ በጉንዳኑ ሰልፍ ላይ፣ ከዚያም በሣጥኑ አፍ ላይ ረጨሁት። ጉንዳኑ ተበተነ። ማታ ላይ ጆንያውን ስንገልጥ ግን ከጉንዳኑ የተረፉት ትሎች ወደ ላይ ወጥተው ተጠቅልለው ሞተዋል። ጉንዳን የጀመረውን እኔ ጨረስሁት።

ይህን ታሪክ ለአንባቢ ማካፈል የፈለግሁት ተመሳሳይ ስህተት በብዙ ጓሮ ሊደርስ ስለሚችል ነው። ቨርሚ ኮምፖስት ሲነሳ ስለ ጥቅሙና ስለ አዘገጃጀቱ ብዙ ይባላል፤ በትሉ ሣጥን ውስጥ ያልተፈለገ ፍጡር ሲገባ ምን ይደረግ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አንድ አርሶ አደር ትሉ ካለቀበት በኋላ ወደዚህ ሥራ ሁለተኛ መመለሱ አጠራጣሪ ነው። በመሆኑም ተባይን መከላከል ከዝግጅቱ ተነጥሎ መታየት የለበትም።

ትሉ የሚፈልገው

ለቨርሚ ኮምፖስት በስፋት የሚያገለግለው ትል በሳይንሳዊ መጠሪያው ኢሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ይህ ትል ማሳ ስናርስ ከምናገኘው፣ አፈሩን በጥልቀት እየቆፈረ ከሚኖረው የምድር ትል ይለያል። የሚኖረው ከላይ፣ በበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከማሳ ቆፍሮ ያወጡትን ትል ሣጥን ውስጥ ጨምሮ ውጤት መጠበቅ አያዋጣም።

ቀይ ትል በደንብ የሚሠራው የመኝታው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ከሆነ ይሞታል። በምቹ ሁኔታ በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይመገባል፤ አንድ ኪሎ ትል ግማሽ ኪሎ ያህል እንደማለት ነው። እንቁላሉን የሚጥለው የስንዴ ፍሬ በምታክል፣ ቢጫ ሆና ወደ ቡኒ በምትለወጥ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቷ በሦስት ሳምንት ገደማ ትፈለፈላለች፤ ከአንዷም ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጫጩቶች ይወጣሉ። እነርሱ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ለመራባት ይደርሳሉ።

እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመኝታው አንድ እፍኝ አንስቶ መጭመቅ ነው። ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ውኃው በጣት መሐል ከወረደ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣና ከተበተነ ደርቋል። ይህን ልክ መጠበቅ ከግማሽ በላይ የሆነውን የተባይ ችግር አስቀድሞ ያስቀራል። ምክንያቱም አብዛኛው ተባይ የሚመጣው ሣጥኑ ሲደርቅ፣ ሲረጥብ ወይም ምግብ ሲበዛበት ነው።

ነዋሪን ከወራሪ መለየት

ሣጥኑን ከፍቶ ሌላ ፍጡር ያየ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መደንገጥ ሳይሆን መለየት ነው። በትሉ መኝታ ውስጥ ከትሉ ጋር ሆነው የሚያበሰብሱ፣ ጉዳት የሌላቸው ብዙ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ከድንጋይና ከግንድ ሥር የምናገኛት፣ ስትነካ እንደ ኳስ የምትጠቀለለው ግራጫ ፍጡር አንዷ ናት። የምትመገበው የሞተ ቅጠልና እንጨት በመሆኑ ትሉን አትነካም። ሲገልጧቸው የሚዘሉ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነፍሳትም ሻጋታ በሊታ ናቸው። እነዚህን መተው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በነጫጭ ቀጫጭን ትሎች ነው። የቀዩ ትል ጫጩት ሲፈለፈል ክር የሚያክል ቢሆንም ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ በመሐሉም ቀላ ያለ መስመር ይታያል። በቀናት ውስጥም ይቀላል። ሌላኛው ዓይነት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ቢያድግም ቀለሙን አይለውጥም፤ ርዝመቱም ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ይህ ነጭ ትል ቀዩን ትል አይበላም፤ በብዛት ሲታይ ግን መኝታው እንደረጠበና እንደመረረ፣ ማለትም አሲድ እንደበዛበት ይናገራል።

በአንጻሩ ከታዩበት ሰዓት ጀምሮ መወገድ ያለባቸው አሉ። ጠፍጣፋ ሰውነት ያለው፣ ፈጣኑና ተናዳፊው መቶ እግር ትል አዳኝ ነው። በጓንት ወይም በመቆንጠጫ እየለቀሙ ማውጣት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ በባዶ እጅ መያዝም አይገባም። ዝግ ብሎ የሚሄደውና ሲነካ እንደ ጥቅል ገመድ የሚጠማዘዘው ክብ ሰውነት ያለው ባለ ብዙ እግር ግን ቅጠል በሊታ ስለሆነ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ጉንዳን፦ ሁለት ዓይነት እንግዳ

ትናንሾቹ የጓሮ ጉንዳኖች ወደ ሣጥኑ የሚገቡት በአብዛኛው ለምግቡ ነው። የሙዝ ልጣጭ፣ ስኳር የነካ የሻይ ቅጠልና የፍራፍሬ ትርፍራፊ ይስባቸዋል። ጎጆ ሠርተው ከሰነበቱ ደግሞ መኝታው ደርቋል ማለት ነው። መፍትሔው መኝታውን ማርጠብ፣ በእጅ ማገላበጥና ምግቡን ከላይ ከመበተን ይልቅ አራት ጣት ያህል ቀብሮ መሸፈን ነው። ጎጆው እየተረበሸና እየረጠበ ሲሄድ ለቀው ይወጣሉ።

ገብረ ጉንዳን ግን ሌላ ነው። የሚመጣው ሥጋ ፍለጋ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሣጥን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። በዝናብ ወቅት በብዛት ስለሚንቀሳቀስ መከላከያው መዘጋጀት ያለበት ከክረምቱ በፊት ነው። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቁም። እያንዳንዱ እግር ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይግባ፤ በውኃው ላይም ጥቂት የተቃጠለ ዘይት ይጨመር። ዘይቱ የወባ ትንኝ እንዳይራባበትም ይረዳል። የክረምቱ ዝናብ ጣሳውን ሞልቶ ዘይቱን እንዳያፈስሰው ሣጥኑና ጣሳዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ ይመረጣል። ቅጠል ወይም ገለባ በውኃው ላይ ከወደቀ ለጉንዳኑ ድልድይ ስለሚሆን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ሣጥኑን ግድግዳ፣ አጥር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ከነካው አራቱም ጣሳ ከንቱ ነው። በእናቴ ጓሮ የሆነው ይኸው ነው፤ ሣጥኑ በመሬት ላይ ቆሞ ነበር፤ የጌሾው ቅርንጫፍም ይነካው ነበር።

መኝታው በመሬት ላይ ወይም በጉድጓድ የተዘጋጀ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ሣር መመንጠር፣ ጠባብ ቦይ መቆፈርና ደረቅ አመድ ወፈር አድርጎ መነስነስ ይረዳል። አመዱ ሲረጥብ ኃይሉን ስለሚያጣ ይታደሳል። ይሁን እንጂ አመድ ወደ መኝታው ውስጥ በብዛት መግባት የለበትም፤ የትሉን ቆዳ ያቃጥላል። ጨውም እንዲሁ፤ በትሉ ላይ ከተነሰነሰ ይገድለዋል።

ሰልፉ ገብቶ ከተገኘስ? ያኔ ከጉንዳኑ ጋር መታገል ሳይሆን ትሉን ማዳን ይቀድማል። ከመሐልና ከታች ያለውን መኝታ ከነትሉ በፍጥነት ወደ ባልዲ ወይም ሳፋ ማውጣት፣ ሳፋውንም ውኃ በያዘ ሌላ ሰፊ ዕቃ መሐል በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ገብረ ጉንዳን አንድ ቦታ አይሰነብትም፤ የሚበላው ሲያጣ ያልፋል።

ምግብ ሲበዛ የሚመጡ

በሣጥኑ ግድግዳና በምግቡ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሰው የሚታዩ፣ ቀርበው ሲያዩአቸው ግን የሚንቀሳቀሱ ቀይ፣ ቡኒ ወይም ነጭ ነጥቦች ባለሙያዎች ማይት የሚሏቸው ናቸው። በጥቂቱ ሲኖሩ አይጎዱም። ሲበዙ ግን የትሉን ምግብ ይሻማሉ፤ ትሉም ወደ ላይ መጥቶ መብላት ይተዋል። መንስኤያቸው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እርጥበትና የምግብ ብዛት ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ምግብ መስጠትን ለአንድ ሳምንት ማቆም፣ ክዳኑን በቀን ለጥቂት ሰዓት ከፍቶ ማናፈስ፣ ደረቅ ገለባ ወይም የተቀደደ ካርቶን መጨመር ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የሐብሐብ ወይም የድንች ልጣጭ በመኝታው ላይ አስተኝቶ ማሳደር ይቻላል። ማይቶቹ ሲሰበሰቡበት ጠዋት አንስቶ ከሣጥኑ ርቆ መቅበር፣ ይህንንም ለተወሰኑ ቀናት መደጋገም ነው። ለመረረ መኝታ የእንቁላል ቅርፊት አድርቆ፣ ወቅጦ በጥቂቱ መነስነስ አሲዱን ያለዝባል።

የእኛ ቤት ልዩ ችግር አተላ ነው። የጠላ አተላ፣ የኮመጠጠ የእንጀራ ፍርፋሪና የወጥ ትርፍ ለትል አይሰጥም። አተላው እየፈላ ይሞቃል፤ ይኮመጥጣልም፤ ትናንሾቹን የፍራፍሬ ዝንቦችም ይጠራል። ወጡ ጨው፣ በርበሬና ዘይት አለበት። ሽንኩርትና ሎሚም በብዛት ቢገባ ትሉ አይወደውም። የቡና አተላ ግን በልኩ ይበላል።

በመኝታው ውስጥ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ቆዳው ጠንካራና እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እጭ ከታየ ጥቁር ወታደር ዝንብ በሚል የምትታወቀው ዝንብ ልጅ ነው። ትሉን አይበላም፤ ምግቡን ግን ይጨርስበታል፤ መኝታውንም ያሞቃል። እየለቀሙ ለዶሮ መስጠት ሁለት ጥቅም አለው። ዝንብ እንቁላል እንዳትጥል ደግሞ ምግቡን መቅበርና መኝታውን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን በቂ ነው። ፍጉም ትኩሱን ሳይሆን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን በጥላ ተከምሮ፣ ሙቀቱ ከወጣለት በኋላ መግባት አለበት። ትኩስ ፍግ ራሱ ትሉን በሙቀት ይገድለዋል።

ዶሮ፣ አይጥ፣ እንቁራሪት

ከነፍሳት ይልቅ ትል የሚጨርሰው ዶሮ ሊሆን ይችላል። ክዳን የሌለው ሣጥን ለዶሮ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ጆንያ ብቻውን አያግዳትም፤ ጭራ ትገልጠዋለች። ስለዚህ የእንጨት ክዳን ወይም በፍሬም የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል። ወንፊቱ ጥቅጥቅ ካለ እንቁራሪትንም አይጥንም ይከለክላል። አይጥ በተለይ የምትመጣው እህል፣ ዳቦና ቅባት የነካ ምግብ ሲገባ ነው፤ ሞቅ ያለውን መኝታም ለጎጆ ትመርጠዋለች። የአይጥ መርዝ በሣጥኑ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ለዶሮውም ለልጆችም አደጋ ነው።

ያላሰብነው መርዝ

እኔ የሠራሁት ስህተት በግልጽ የሚታይ ነው። ነፍሳትን የሚገድል ርጭት በሣጥኑ ላይም በዙሪያውም መደረግ የለበትም። ነገር ግን መርዝ በሌላ በርም ይገባል። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት የሚያውቅ የጀርባ መርጫ ታጥቦም ቢሆን መኝታውን ለማጠጣት አይዋስም። መድኃኒት የተሸጠበት ጀሪካንም እንዲሁ። መድኃኒት በቅርብ የተረጨበት ገለባና ቅጠል አይገባም። ለከብቶች የውስጥም ሆነ የውጭ ጥገኛ ተባይ መድኃኒት ከተሰጠ መድኃኒቱ በእበት ሊወጣ ስለሚችል የእነዚያን ከብቶች እበት ለተወሰኑ ሳምንታት ለሌላ ክምር መተው ይመረጣል። በትሉ ላይ ምልክት ሲታይ፣ ማለትም ትሉ በጅምላ ወደ ላይ ሲወጣ ወይም ከሣጥኑ ሲሸሽ፣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ትናንት ምን ገባ የሚለው ነው።

ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቅ

የትል ሥርጭት በቁጥር ይመዘገባል፤ ስንት አባወራና እማወራ እንደወሰዱ ይታወቃል። ከሦስት ወር በኋላ የስንቱ ሣጥን በሕይወት አለ የሚለው ግን ከሥርጭቱ ቁጥር እኩል መጠየቅ ያለበት ነው። ከዚህ አኳያ አራት ነገሮችን ማየት ይቻላል።

አንደኛው የሚከፋፈለው ትል ንጽሕና ነው። ከአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል የሚወጣ ትል ከነአሮጌ መኝታው ሲታፈስ ማይቱም፣ የመቶ እግር ጫጩቱም አብሮ ይሄዳል። ትሉን ለይቶ፣ በአዲስ መኝታ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት አቆይቶና አይቶ ማስረከብ ተባይን ከአንድ ጓሮ ወደ ሃምሳ ጓሮ ከማዛመት ያድናል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ትል ክረምት ሊገባ ሲል ከተሰጠ አዲሱ ተቀባይ ልምድ ሳያገኝ ጎርፉም ጉንዳኑም ይደርስበታል። ከመስከረም በኋላ መስጠት የመማሪያ ወራት ይፈጥርለታል። ሦስተኛው ሥልጠናው ነው፤ ትሉ ከመሰጠቱ በፊት አራቱ ጣሳና የወንፊት ክዳኑ ስለመዘጋጀታቸው ባለሙያው በዓይኑ ቢያይ መልካም ነው። አራተኛው ክትትሉ ነው። በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚደረግ አንድ ጉብኝት ሣጥን ባዶ ከሆነ በኋላ ከሚደረግ ሦስት ጉብኝት ይበልጣል።

አርሶ አደሩም አንድ ልማድ ቢይዝ ይጠቀማል። ትሉን ሁሉ በአንድ ሣጥን አለማስቀመጥ ነው። ከተቻለ ሁለተኛ ትንሽ ሣጥን፣ ካልተቻለም አንድ አሮጌ ባልዲ ከሥሩ ተበስቶ በቤቱ ሌላ ጎን ይቀመጥ። አለበለዚያ ከታመነ ጎረቤት ጋር መጠባበቂያ መለዋወጥ ይቻላል። የአንዱ ቢጠፋ የሌላው ዘር ይሆናል።

ከሣጥኑ ሥር የተረፈው

በዚያ የሐምሌ ምሽት የሞተውን መኝታ ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ልጥለው ነበር። እናቴ ግን ከለከለችኝ። ፍሊቱ የነካውን የላይኛውን አራት ጣት ያህል ብቻ ጠርጌ ራቅ ወዳለ ቦታ እንድቀብረው፣ የታችኛውን እንድተወው ነገረችኝ። ሣጥኑን ከጌሾው አራቅነው፤ እግሮቹን በአራት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አቆምን፤ በላዩም ቆርቆሮ ጣልን። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ተስፋም አልነበረኝም።

በነሐሴ አጋማሽ ስደውልላት በመኝታው ውስጥ ነጫጭ ክሮች እንዳየች ነገረችኝ። እኔ የመረረ መኝታ ምልክት የሆነው ነጭ ትል ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። ቀይ መስመር እንዳለው እንድታይ ጠየቅኋት። በእጅ ስልኳ ብርሃን አይታ ቀይ መስመር አለው አለችኝ። ጉንዳኑ ያላነሳቸው፣ መድኃኒቱም ያልደረሰባቸው የእንቁላል ከረጢቶች ከታች ቀርተው ኖሯል።

በጥቅምት ለጎረቤቶቿ ልታካፍል የገባችው ቃል ግን አልተፈጸመም። ጫጩቶቹ ገና ለመራባት እየደረሱ ነበርና ያን ወቅት ሁለቱም ጎረቤቶች ሽንኩርታቸውን ያለ ትል ፍግ ተከሉ። ያካፈለቻቸው በጥር ነው። ሲረከቡም ከትሉ በፊት የጠየቀቻቸው አራት ጣሳ ይዘው እንደመጡ ነው።

የአንድ ሌሊት ጉንዳንና የአንድ ደቂቃ ፍሊት የሦስት ቤተሰብ አንድ የመስኖ ወቅት አሳለፈ። አራቱ ጣሳ ግን በማንኛውም ቤት ይገኛል። ሣጥን ያላችሁ ዛሬውኑ ዙሪያውን እዩት፤ የሚነካው ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት። ልትጀምሩ ያሰባችሁም ከትሉ በፊት ጣሳውንና ክዳኑን አዘጋጁ።